ጊታር ጀምራችሁ ለተዋችሁ፣ ደግሞ ጀምራችሁ ደግሞ ለተዋችሁ

ይሄን የምጽፈው ጊታሩ ከቁም ሳጥን ጀርባ ለተቀመጠበት ሰው ነው። ገና ላልገዛ ሰው አይደለም፣ ጊዜ ለተረፈው ልጅም አይደለም። ገዝታችሁ፣ ሁለት ወር ሞክራችሁ፣ ጣታችሁ ውሃ ቋጥሮ፣ ከዛ ስራ በዛ ልጅ ታመመ ሰርግ ደረሰ ብላችሁ የተዋችሁት፣ አሁን ደግሞ ቤት ስትጠርጉ አይናችሁ ሲያርፍበት ፊታችሁን የምታዞሩ፣ ለእናንተ ነው።

እኔ ጎንደር ነው ያለሁት፣ ስራዬ ልብስ ስፌት ነው፣ ቦክስ ጊታሬን የገዛሁት በ2006 ዓ.ም. ነው፣ እስካሁን ስድስት ጊዜ ትቼዋለሁ። ቆጥሬ ነው። አሁን ሰባተኛው ላይ ነኝ። ጎበዝ ተጫዋች አይደለሁም፣ መድረክ ላይም ወጥቼ አላውቅም፣ ግን መተውና መመለስ ላይ እኔን የሚበልጠኝ ስላላየሁ እሱን ላስተምር። (በነገራችን ላይ ክር ስል የጊታሩን ነው፣ የማሽኑን ከሆነ እነግራችኋለሁ።)

መጀመሪያ ዕቃውን እዩት

ለስድስት ወር የተቀመጠ ጊታር አውርዶ በቀጥታ መምታት ሁላችንም የምንሰራው ስህተት ነው። ድምፁ ያስጠላል፣ ወይኔ ጭራሽ ረስቼዋለሁ ትላላችሁ፣ መልሳችሁ ትሰቅሉታላችሁ። ብዙ ጊዜ ግን እናንተ ረስታችሁ ሳይሆን ክሩ ሞቶ ነው። የብረት ክር ከሆነ ጣታችሁን ከላይ እስከ ታች አንዴ ሳብ አድርጉበትና ጣታችሁን እዩት፣ ጥቁር ወይ ቡኒ ነገር ከያዘ ዝጓል፣ ይቀየር፣ የዛገ ክር ቅኝት አይይዝም ጣትም ይልጣል። ናይለን አይዝግም ግን ፍሬቱ ላይ፣ ማለትም አንገቱ ላይ የተደረደሩት ብረቶች ላይ፣ የሚያርፍበት ቦታ ይበላል፣ በጥፍራችሁ ከስር ስትዳስሱት ጎድጎድ ይላል።

አሁን ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን አትርሱ፦ የናይለን ጊታር ላይ የብረት ክር አትግጠሙ። ቀጫጭኖቹ ሦስት ክሮች የዓሣ ማጥመጃ ፕላስቲክ ከመሰሉ የእናንተ ናይለን ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሁለተኛው ዙር ላይ ክር ሲያልቅብኝ አንድ ልጅ የብረት ክር ሰጠኝ፣ ገጠምኩት፣ ድምፁ እንዴት አማረ መሰላችሁ፣ ግቢው ሁሉ ነው የሚሰማው። ሦስት ቀን ተጫወትኩበት። በአራተኛው ሌሊት ቤት ውስጥ "ቷ!" የሚል ድምፅ መጣ፣ ባሌ ዘሎ ተነሳ፣ እኔ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ የተወረወረ መስሎኝ ትንፋሼን ዋጥኩ። መብራት ስናበራ ብሪጁ፣ ማለትም ክሩ ታች የሚታሰርበት እንጨት፣ ከጊታሩ ሆድ ተገንጥሎ በስድስቱ ክር ተንጠልጥሏል፣ የተነሳበት ቦታ ላይ እንጨቱ እንደ ቅርፊት ተልጦ ነጭ ሆኗል። ነገሩ ሂሳብ ነው፣ 12 ቁጥር የሚባለው የብረት ክር ስድስቱ ሲደመር ወደ 70 ኪሎ ይስባል፣ ናይለን ግን ወደ 40። የእኔ ጊታር ለ40ው ነበር የተሰራው።

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ቁም ሳጥን የሚሰራ አናጢ ጋ ወሰድኩት፣ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና "ምነው እህቴ፣ ጊታር ይመታል ሲሉሽ በመዶሻ መሰለሽ እንዴ" አለኝ። ቢያሾፍም ስራውን ያውቃል። የድሮውን ማጣበቂያ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ንጹህ እንጨት እስኪታይ አጸዳው፣ ኮላ ቀባው፣ በሞርሳ አጥብቆ አሰረውና እስከ ነገ እንዳትነኪው አለኝ። እኔ ፈርቼ ሦስት ቀን ተውኩት። ይኸው እስከ ዛሬ ይዟል።

ሌላው የክሩ ከፍታ ነው፣ ይሄ ስንት ሰው ያስመረረ ነገር ነው። ማስመሪያ አምጡና 12ኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙ ክር ከፍሬቱ ብረት ምን ያህል እንደራቀ ለኩ። በብረት ክር ጊታር ከ3 ሚሊ ሜትር፣ በናይለን ከ4 ካለፈ ጣታችሁ የሚያመው ሰነፍ ስለሆናችሁ አይደለም፣ ጊታሩ ነው። ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባትን ነጭ ቁራጭ አውጥታችሁ ከስሯ በኩል መሞረድ ይቻላል። 12ኛው ፍሬት የክሩ ትክክለኛ ግማሽ ስለሆነ እዛ 1 ሚሊ ለማውረድ ከስር 2 ሚሊ መሞረድ ያስፈልጋል። ግን እንደ ልብስ ነው፣ የተቆረጠ አይመለስም፣ ትንሽ ሞርዱ፣ መልሱና ለኩ፣ ደግሞ ትንሽ።

ጎንደር ክር ስትፈልጉት ሁሌ አይገኝም፣ ቢያንስ እኔ በፈለግኩ ቁጥር አላገኘሁም፣ ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ስታገኙ ሁለት ፓኬት አስልኩ፣ አንዱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። ጊታሩን ደግሞ ከቆርቆሮው ስር ከፍ አድርጋችሁ አትስቀሉ፣ በበጋ እዛ ላይ ያለው ሙቀት እንጨቱን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፣ የፍሬቶቹ ጫፍ ወጣ ወጣ ብሎ እጅ ይቧጭራል። በክረምት ደግሞ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ክሩ ከፍ ይላል፣ ሐምሌ ላይ ድንገት ቢከብዳችሁ እሱ ሊሆን ይችላል።

ቃኙት፣ ከዛ ዝም ብላችሁ ስሙት

ስድስቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው። ስልክ ላይ ቲዩነር የሚባል አፕ አውርዱ፣ አንዴ ከወረደ ማይኩን ብቻ ነው የሚጠቀመው ኔት ምናምን አይፈልግም። ሲያልፍባችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ከስር እንደገና እያጠበቃችሁ ድረሱበት፣ ከላይ ወደ ታች እያላላችሁ ከቆማችሁ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ይወርድባችኋል። ስልክ ከሌለ አንዱ ክር ልክ ነው ብላችሁ ተነሱና ወፍራሙን 5ኛ ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ቀጣዩን ክር ከሱ ጋር አስማሙ፣ እንደዛ እያላችሁ ውረዱ፣ ከጂ ወደ ቢ ስትሄዱ ብቻ 4ኛ ፍሬት ነው፣ ከዛ መልሶ 5ኛ።

ለብዙ ዓመት ይሄን መቃኘት የቤት ስራ ነበር የማደርገው፣ ቶሎ ጨርሼ ወደ ኮርድ፣ ማለትም ብዙ ክር በአንዴ ወደሚመታበት አያያዝ፣ ለመሮጥ። ያስተካከለኝ አንድ አዝማሪ ነው፣ የባህል ልብሱን እጅጌ ላስጠብብ ብሎ ሱቄ መጥቶ፣ እኔ እጅጌውን ስተረትር እሱ ግድግዳው ላይ ያለውን ጊታር አየና "ልንካው እትዬ?" አለኝ። ንካው አልኩት። ጊታር ይዞ አያውቅም፣ እንደ መሰንቆ ጭኑ መሀል ሊያቆመው ሁሉ ሞክሮ ነበር። በኋላ አስተኝቶ ያዘውና በግራ እጁ ምንም ሳይጫን በአውራ ጣቱ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ቀስ ብሎ አንድ አንድ ነካቸው። ዝም አለ። እንደገና ነካቸው። ከዛ በአፍንጫው ማንጎራጎር ጀመረና "ይቺማ ትዝታ ናት፣ ትዝታ ቃኝተሻት የለ እንዴ" አለኝ። እኔ አልቃኘሁም፣ ፋብሪካው ነው አልኩት። "ማንም ይቃኛት ትዝታ ናት" አለና ዘፈነባት፣ ባዶ ክር ብቻ እየነካ፣ መቀሴን ይዤ ቀረሁ።

ማታ ቤት ገብቼ ቁጭ ብዬ አሰብኩት፣ እውነቱን ነው። የባዶ ክሮቹ ኖቶች ኢ ኤ ዲ ጂ ቢ ናቸው፣ ኢ ሁለቴ ስለሚመጣ አምስት ኖት ነው፣ እነዚህን ከጂ ጀምራችሁ ስትደረድሯቸው ጂ ኤ ቢ ዲ ኢ ይሆናል፣ እሱ ማለት ትዝታ ሜጀር ነው። አንድም የቀረ አንድም የተረፈ የለም። ማረፊያችሁን ኢ ካደረጋችሁት ደግሞ ያው አምስቱ ባቲ ማይነር ይሆናሉ። አስር ዓመት ሙሉ ጊታር የፈረንጅ ነው እጄ አልገባ ያለኝ ለዛ ነው እያልኩ ሰበብ ስደረድር ኖሬ ቅኝቱ ባዶ ክሩ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ተመልሳችሁ ስትጀምሩ የመጀመሪያው ቀን ልምምድ ይሄ ይሁን፣ ቃኙት፣ ግራ እጃችሁን አሳርፉት፣ ባዶውን እየነካችሁ የምታውቁትን ትዝታ አንጎራጉሩበት፣ ማረፊያችሁ ጂ ይሁን። አስር ደቂቃ። ጣት አያምም፣ እንደዛም ሆኖ ሙዚቃ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ስለ ጣት ብቻ ነው

እዚህ ጋ ብዙ አላወራም። የኮርድ አያያዝ ቶሎ ይመለሳል፣ እጅ ብዙውን ያስታውሳል፣ የማይመለሰው ቆዳው ነው፣ የደደረው የጣት ጫፍ ሳትጫወቱ ስትቆዩ ይለሰልሳል፣ እንደ አዲስ መደደር አለበት። ሰው ሲመለስ ይናፍቀዋል፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሙሉ ይጫወታል፣ እሁድ ጣቱ ውሃ ይቋጥራል፣ ሳምንቱን ያርፋል፣ በዛው ይቀራል። የእኔ አራተኛ ዙር ያለቀው በስምንት ቀን ነው እንደዚህ። በቀን 10 ደቂቃ፣ ቢበዛ 15፣ በቃ። ልብስ ወይ ዕቃ አጥባችሁ ወዲያው አትያዙ፣ የራሰ ቆዳ ይላጣል። የግራ እጅ ጥፍር ይቆረጥ፣ ይሄ ላይ ድርድር የለም፣ ቀለም የምትቀቡ እህቶች በቀኝ ተቀቡ። አንድ ደስ የሚለው እንጀራ የምንቆርሰው በቀኝ ነው፣ ግራው ቢቆስልም በርበሬ አይነካውም፣ ምሳ አይቀርም።

ስትጫኑ ጣታችሁ የፍሬቱ ብረት ጥግ ላይ ይሁን፣ በላዩ ሳይሆን ከኋላው ጠጋ ብሎ። ምን ያህል መጫን እንዳለባችሁ ለማወቅ አንድ ኖት ያዙና እየመታችሁ ቀስ በቀስ አላሉት፣ ዝዝዝ ማለት ሲጀምር ትንሽ ጨምሩ፣ በቃ የሚፈለገው ጉልበት እሱ ብቻ ነው። እኔ ሦስት እጥፉን ነበር የምጨነው፣ ቁልፍ እንደሚተክል ሰው።

ኮርድ፣ ግን በቅደም ተከተል

ኢንተርኔት ላይ ያለው ትምህርት አስር ኮርድ በአንዴ ያሳያችሁና ግራ ያጋባችኋል። በእኔ ልምድ ቀላሉ መንገድ ጣት ሳይበተን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግሩትን መከተል ነው። ክር የሚቆጠረው ከቀጭኑ ነው፣ ቀጭኑ 1ኛ ወፍራሙ 6ኛ። ኢ ማይነር ያዙ፣ መሀል ጣት 5ኛው ክር 2ኛ ፍሬት፣ የቀለበት ጣት 4ኛው ክር 2ኛ ፍሬት። አሁን ሁለቱን ሳትለያዩ አንድ ክር ወደ ታች፣ ወደ ቀጭኑ በኩል፣ አውርዷቸውና አመልካች ጣታችሁን 2ኛው ክር 1ኛ ፍሬት ላይ ጨምሩ፣ ኤ ማይነር ሆነ። ከዛ የቀለበት ጣትን ብቻ አንስታችሁ 5ኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ውሰዷት፣ ሲ ሆነ። ከሲ ደግሞ አመልካች ጣት ሳይነሳ ሌሎቹ ሁለቱ አንድ ክር ወደ ታች ሲወርዱ ትንሹ ኤፍ ይሆናል፣ ሙሉው ኤፍ አይደለም፣ ሁለቱን ወፍራም ክሮች አትምቱ፣ የመጨረሻውን ቀጭን ክር ባዶውን ተዉት፣ እስከሚቀጥለው ዓመት ይበቃችኋል። ሙሉው ኤፍ፣ በአንድ ጣት ስድስቱንም ክር የሚጫኑት፣ ስንቱን ከጊታር ያስኮበለለ ነው፣ እኔን ሁለት ጊዜ። ዲ እና ጂ ከነዚህ በኋላ ይመጣሉ።

ልምምዱ እንዲህ ነው፦ ስልካችሁ ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉና ከኢ ማይነር ወደ ኤ ማይነር ስንቴ እንደተቀያየራችሁ ቁጠሩ። ድምፁ ቢበላሽም ቁጠሩት። ቁጥሩን ጻፉ። የእኔ የመጀመሪያ ቀን 9 ነበር፣ በሦስት ሳምንት 34። 30 ሲደርስ ዘፈን ይከተላል፣ ከዛ በታች ዘፈኑ እየጠበቃችሁ ነው የሚሄደው።

የራሳችን ዘፈን ላይ ለምን ኮርድ ያስቀይማል

ሦስተኛው ዙር ላይ የተውኩት በዚህ ነው። አራት ኮርድ ለመድኩ፣ የፈረንጅ ዘፈን ተጫወትኩ፣ ቤት ውስጥ አንድም የሚያውቀው ሰው የለም፣ እናቴ "የኛን አትችይም?" አለችኝ፣ የኛን ልሞክር ስል ኮርዱ ከዜማው ጋር ይጣላል። ጆሮዬ ነው ብዬ ተውኩት። ጆሮዬ አልነበረም።

ቅኝቶቻችን አምስት አምስት ኖት ናቸው፣ የፈረንጁ ስኬል ሰባት፣ ኮርድ ደግሞ ከሰባቱ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ አንዳንዴ ኮርዱ ቅኝቱ የማያውቃትን ኖት ይዞባችሁ ይመጣል። ይሄን በጣታችሁ ለማየት ትዝታ ማይነርን ከኤ ጀምራችሁ ተጫወቱ፣ ኖቶቹ ኤ ቢ ሲ ኢ ኤፍ ናቸው። 5ኛው ክር ባዶውን፣ ከዛ 2ኛ ፍሬት፣ 3ኛ ፍሬት፣ 4ኛው ክር ላይ 2ኛ እና 3ኛ ፍሬት፣ ከዛ 3ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ከፍ ያለውን ኤ ታገኛላችሁ። ይሄ ላይ ኤ ማይነር ብትመቱ ያምራል፣ የኮርዱ ሦስት ኖቶች ሁሉም ቅኝቱ ውስጥ አሉ። አሁን እነዛኑ አምስት ኖቶች ያዙና ማረፊያችሁን ወደ ኢ አዙሩት፣ ኢ ኤፍ ኤ ቢ ሲ፣ ጣታችሁ የተለየ ቦታ አልሄደም ግን ቤቱ ሌላ ሆነ፣ አምባሰል ነው። እዚህ ላይ ኢ ማይነር ብትመቱ ጂ የምትባል ኖት ትገባለች፣ አምባሰል ውስጥ ጂ የለችም። ሜጀሩን ብትመቱ ጂ ሻርፕ ትገባለች፣ እሷም የለችም። ማስቀየሙ ከዚህ ነው። መፍትሄው ኮርዱን መተው ነው፣ ወፍራሙን ኢ ባዶውን እና 5ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ያለችውን ቢ ሁለቱን ብቻ እያስጮሃችሁ ዜማውን በላዩ ዝፈኑ ወይ ቀጫጭኖቹ ላይ ልቀሙት። ወዲያው ሰፈሩ ይገባዋል።

ባቲ ሜጀርን ከሲ ሞክሩት፣ ሲ ኢ ኤፍ ጂ ቢ። አንቺሆዬ ላይ እኔ ገና አልደረስኩም፣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፣ እጄ ይይዘዋል ጉሮሮዬ ግን እምቢ ይላል።

ምቱን ደግሞ ከኢንተርኔት አትማሩት። እዛ ያለው አብዛኛው በአራት የሚቆጠር ነው፣ የኛ ችክችካ በስድስት ነው የሚሄደው። ሰርግ ላይ ማጨብጨብ የምትችሉ ከሆነ ቀኝ እጃችሁ ያውቀዋል። ግራ እጃችሁን ክሮቹ ላይ እንዲሁ ጣል አድርጉት፣ ሳትጫኑ፣ ድምፁ ቸክ ቸክ ብቻ እንዲሆን፣ እና የምትወዱትን የጎንደር ዘፈን ከፍታችሁ አብራችሁት ምቱ፣ እጃችሁ ሲደክም ከእጅ አንጓ ሳይሆን ከክንድ እየመታችሁ ነው ማለት ነው፣ አንጓችሁን ፍቱት። ትከሻችሁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልክ ነው።

አሁን ዋናው፣ መተዉን አስቀድማችሁ ቁጠሩት

ስድስት ጊዜ ሁሉ ሳቋርጥ እንደ ወንጀል ነበር የማየው፣ ከዛ ማፈሩ ራሱ እንዳልመለስ ያደርገኛል። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ግን የዓመቱን ካላንደር ግድግዳ ላይ ለጠፍኩና በጠመኔ መቼ እንደማልችል ምልክት አደረግኩ። ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር 10 የለሁም፣ ጥምቀት ነው፣ ጎንደር ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ሰው በዛ ጊዜ ቀሚስ አድርሺልኝ የሚላት ሰው በር ላይ ተሰልፎ ነው የሚያድር፣ በከተራ ዋዜማ እኔ ራሴ የምለብሰው አይኖረኝም። ከዛ ሁዳዴ 55 ቀን፣ እኛ ቤት ዘፈን አይከፈትም። ፋሲካ ማግስት ሰርግ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ። ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ። ሲደመር ሳየው ሳቄ መጣ፣ እኔ በየዓመቱ አቆምኩ እያልኩ የማለቅሰው አስቀድሞ ለታወቀ ነገር ነው። የቀረኝ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ ያለችው ትንሽ ጊዜ፣ እና ሰኔና ሐምሌ ነው። እናንተም የራሳችሁን ሳሉት፣ አስተማሪ ከሆናችሁ ፈተና የምታርሙበትን፣ ገበሬ ዘመድ ካላችሁ አጨዳውን፣ እና በቀረው ላይ ብቻ አቅዱ።

ክፍት የሆኑት ወራት ላይ ደግሞ ልምምዱን አንድ ነገር ላይ እሰሩት። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እለማመዳለሁ ማለት አይሰራም፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥ አለ ልጅ አለ። እኔ ያሰርኩት መብራት ላይ ነው። ማሽኔ በሞተር ነው፣ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ድሮ መራገም ነበር ስራዬ፣ አሁን መብራት ጠፋ ማለት ጊታር ይወርዳል ማለት ነው፣ ከግድግዳው እስከ ጭኔ አንድ ክንድ ነው። በቦርሳ ውስጥ ዚፕ ተዘግቶ ቢሆን አልፈታውም ነበር፣ ስለዚህ ሚስማር ላይ ይሰቀል፣ እጃችሁ የሚደርስበት። ደንበኞች ለመዱ፣ አንዷ እትዬ ቀሚሷን ለመውሰድ ስትመጣ "መብራት አለ ወይስ እንዝፈን?" ብላ ነው የምትገባው።

የማትችሉበት ወቅት ሲመጣ የመጨረሻው ቀን ላይ ደብተር አውጡና የት እንዳቆማችሁ ጻፉ። እንደዚህ ነው የእኔ፦ "ኅዳር 24። ከሲ ወደ ትንሹ ኤፍ በደቂቃ 28። ትዝታ ማይነር በሜትሮኖም 80። አምባሰል ዜማው አለ ማረፊያው ይጠፋኛል።" ይሄ ሦስት መስመር ነው፣ ግን ስትመለሱ ከምን እንደምትጀምሩ ያሳያችኋል፣ ከዜሮ አይደለም። ስትመለሱ ከጻፋችሁት ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥርላችሁ ነው፣ 80 ማለት በደቂቃ 80 ምት) ላይ 20 ቀንሱ፣ 80 ከነበረ በ60፣ በየሁለት ቀኑ 5 እየጨመራችሁ ውጡ። ጥር ላይ ስመለስ 80 ለመድረስ አስር ቀን ነው የፈጀብኝ፣ ድሮ ከኢ ማይነር እየጀመርኩ ሦስት ወር ይፈጅብኝ ነበር።

ስለ ሁዳዴ አንድ ነገር። ጨርቅ፣ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ፣ ብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ስር ስትጎዘጉዙ ድምፁ ይታፈናል፣ ለማታም ለተከራይ ግቢም ይጠቅማል። አምና በጾሙ እንደዛ አድርጌ ስኬል ብቻ፣ ወጣ ወረድ ወጣ ወረድ፣ እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ "አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው እሱ በጾም?" አለች። ልምምድ ነው እማዬ፣ ዘፈን አይደለም አልኳት። ትንሽ ቆማ አየችኝና "ታዲያ እግርሽ ምን ያስጨፍረዋል" ብላ ገባች። ከዛ በኋላ እግሬን ወንበሩ ላይ አጣጥፌ ነው። የእናንተ ቤት ይሄም የማይሆን ከሆነ ተዉት፣ ደብተሩ አለ።

የገረመኝ ሌላ ነገር፣ ትናንት ማታ ይሄን ልጽፍ ስቀመጥ አንደኛው ቀጭን ክር 11ኛ ፍሬት አካባቢ ተበጠሰ፣ ጉንጬን ለጥቂት ሳተው፣ መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ባዶ ነው። ሁለት አስልኩ ብዬ የምመክረው እኔ ለራሴ አንድ ብቻ ነበር ያስላክሁት። የአክስቴ ልጅ ሐሙስ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ደውዬለታለሁ። እስከዛ በአምስቱ እየተጫወትኩ ነው፣ የትዝታዋ ኢ ወፍራሙ ክር ላይ ስላለች ምንም አልጎደለም፣ ከፍ ያለው ላይ ስደርስ ብቻ እጄ ባዶ አየር ይመታል። አሁን መብራት ጠፋ፣ ስልኬ 12 ፐርሰንት ነው፣ ልሂድ።